ስለምን ቢሉ፦ የሥነ ጽሑፍ ትርጉም በምን ይታመናል?

በጾመ ነነዌ ትንቢተ ዮናስ ሲነበብ የሰማ ሰው ቅሏን ያውቃታል። ነቢዩ ከከተማዋ ወጥቶ በስተምሥራቅ ዳስ ሠርቶ ተቀምጦ ሳለ እግዚአብሔር ቅል አበቀለለት፤ ቅሏም በራሱ ላይ ጥላ ሆነችለት፤ በማግስቱ ሲነጋ ግን ትል መታትና ደረቀች። ተክሏ በታሪኩ ውስጥ የኖረችው ከአንድ ቀን ብዙ አይበልጥም። ሆኖም በአምስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ዛሬ ትሪፖሊ በምንላት የሊቢያ ከተማ፣ ይህች ቅል ምእመናንን ከጳጳሳቸው ጋር አጣልታ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጄሮም የሚባለው ሊቅ ብሉይ ኪዳንን እንደገና ወደ ላቲን ሲመልስ፣ ቀደምቶቹ የላቲን ተርጓሚዎች እንዳደረጉት ከግሪኩ ሳይሆን በቀጥታ ከዕብራይስጡ ተነሣ። ዮናስ ላይ ሲደርስም የቀድሞው ላቲን «ቅል» ያለውን እርሱ ግድግዳና ዛፍ ላይ በሚወጣ የሐረግ ስም ለወጠው። የከተማዋ ጳጳስ አዲሱን ትርጉም በጉባኤ ሲያስነብብ ሕዝቡ ጮኸ። ከአባት ከአያት ሲሰማው የኖረው፣ በቃሉ የያዘው ንባብ ተለውጦበታልና። ከሁሉም ይልቅ የተቆጡት ግሪኮቹ ነበሩ። ጳጳሱ ጨንቆት የከተማዋን አይሁድ ቢጠይቅ፣ ዕብራይስጡም ከግሪኩና ከቀድሞው ላቲን ጋር አንድ ነው ብለው መለሱለት። መንጋው ጥሎት እንዳይሄድ ሲል ንባቡን እንደ ስሕተት ቆጥሮ አረመው። ይህን የምናውቀው የሂፖ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ ለጄሮም ከጻፈለት ደብዳቤ ነው።

ጄሮም የሰጠው መልስም አልጠፋም። የዕብራይስጡ ቃል «ቂቃዮን» ነው፤ ቅልም አይደለም፣ ሐረግም አይደለም አለ። ቅጠሉ እንደ ወይን ቅጠል የሰፋ፣ ድጋፍ ሳይሻ በራሱ ግንድ የሚቆም፣ ፈጥኖ የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው። ላቲን ለዚህ ተክል ስም የለውም። የዕብራይስጡን ቃል እንዳለ ባስቀምጠው ማንም አይረዳኝም፤ ቅል ብል ዕብራይስጡ ያላለውን ተናገርሁ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከእኔ በፊት ከዕብራይስጥ የተረጎሙት ያሉትን አልሁ፣ የሚል ነው የመልሱ ፍሬ ነገር። በዘመናችን ያሉ ብዙ ሊቃውንት ይህ ተክል ጉሎ ነው ይላሉ። በእኛ አገር በየአጥሩ ጥግ የሚበቅለው፣ ቅጠለ ሰፊው ጉሎ። ለጄሮም የጠፋው ስም በአማርኛ ነበረ ማለት ነው!

የእኛው መጽሐፍ ግን ቅል ይላል። የግእዙ ብሉይ ኪዳን የተመለሰው ከግሪኩ ስለሆነ ግሪኩ ያለውን ይዞ መጣ፤ አማርኛውም በዚያው ጸና። ጉሎ የሚለው ቃል በእጃችን እያለ ቅሏን አልተውናትም። ዛሬ አንድ ተርጓሚ ተነሥቶ «የዮናስ ጉሎ» ቢለን ስንቶቻችን እንደዚያች ከተማ ሕዝብ እንደምንጮህ መገመት አያቅትም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሁለት ትርጉሞች ሲለያዩ ዳኛው ማን ነው? ስለ አንድ መጽሐፍ «የታመነው ትርጉም ይህ ነው» ስንል የምናስበው ነገር አንድ አይደለም። አንዱ ሰው ተቋም ያጸደቀውን ማለቱ ነው። ሌላው ደራሲው የፈቀደውን ይላል። ሌላው ሁሉም የሚያነበውንና የሚጠቅሰውን፣ ሌላው ደግሞ ከመነሻው ጽሑፍ ጎን ሲቀመጥ የማያሳፍረውን። እነዚህ ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ላይ ተገናኝተው የሚገኙት አልፎ አልፎ ነው፤ ብዙውን ጊዜ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ።

ከተቋም እንጀምር። ያ ሕዝብ የጮኸበት የጄሮም ትርጉም በመጨረሻ ምን ሆነ? ቀስ በቀስ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ሆነና፣ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1546 እ.ኤ.አ. የትሬንት ጉባኤ በትምህርትና በስብከት ሊታመን የሚገባው የላቲን ትርጉም እርሱ ነው ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ግን ወዲያው ሌላ ችግር ወለደ። ለዘመናት በእጅ ሲገለበጥ የኖረ መጽሐፍ ቅጂዎቹ አይስማሙም፤ ታዲያ የታመነው ቅጂ የቱ ነው? የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ አምስተኛ በ1590 አንድ እትም አሳትመው ከዚህ ውጭ የለም አሉ። እርሳቸው ያረፉት በዚያው ዓመት ነው። እትሙም ስሕተት ስለበዛበት ተሰብስቦ በ1592 በሌላ ተተካ። ጉባኤ የትኛውን መጽሐፍ እንጥቀስ የሚለውን ሊወስን ይችላል፤ የተሳሳተን መሥመር ግን በድምፅ ብልጫ ማቅናት አይችልም።

የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የተጓዘው በተቃራኒው መንገድ ነው። የመጀመሪያውን ሙሉ የአማርኛ ትርጉም የሠራው አባ አብርሃም፣ በሌላ ስሙ አቡ ሩሚ፣ የሚባል ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው። ካይሮ ውስጥ፣ አስለን ደ ሼርቪል ከተባለ የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም ጋር ተቀምጦ፣ በሳምንት ሁለት ቀን እየሠሩ አሥር ዓመት ፈጀባቸው። ሥራው 9,539 ገጽ የእጅ ጽሑፍ ሆነ። በ1820 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው፤ አራቱ ወንጌላት በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። አባ አብርሃም ግን አንዱንም ታትሞ ሳያይ እዚያው ካይሮ ውስጥ አረፈ። ይህን ሥራ ያዘዘ ጉባኤ አልነበረም፤ የባረከው ፓትርያርክም፣ ያጸደቀው ንጉሥም አልነበረም። በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ በሊቃውንት የተዘጋጀው መጽሐፍ በ1954 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ ግን ከመቶ ዓመት በላይ፣ እየታረመና እየተቀጠለ፣ በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው ሁሉ የዚያን መነኩሴ ድካም ነው ያነበበው። ስሙን የሚያውቀው ስንቱ ነው? ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ወደ ልብ ወለድ ስንመጣ ጉባኤም ቤተ መንግሥትም የለም፤ በእነርሱ ቦታ ደራሲው አለ። በሕይወት ያለ ደራሲ «ይህ ትርጉም የእኔ ነው» ካለ ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ይፈለጋል? በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ ቁጥር 410/1996ም ሥራን የመተርጎም መብት የባለቤቱ ነው። ፈቃዱ ትርጉሙ ሕጋዊ መሆኑን ይነግረናል፤ ጥሩ መሆኑን ግን አይነግረንም። ደራሲው ራሱ ትርጉሙን ቁጭ ብሎ ያረመው እንደሆነስ? የቼኩ ደራሲ የሚላን ኩንዴራ ነገር ለዚህ ጥያቄ ከሁሉም የተሻለ ትምህርት ይሰጣል።

ኩንዴራ «ቀልድ» የሚል ትርጉም ያለው የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ፕራግ ውስጥ በ1967 አሳተመ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለንደን ላይ በእንግሊዝኛ ወጣ። መጽሐፉ ሲደርሰው ምዕራፎቹ ቦታቸውን ለውጠዋል፤ የተቆረጡም ክፍሎች አሉ። አሳታሚዎቹ ታሪኩን በጊዜ ቅደም ተከተል አሰልፈው ለአንባቢ ያቀለሉ መስሏቸዋል። ኩንዴራ በአደባባይ ተቃውሞ ጻፈ። በፈረንሳይኛው ግን ለብዙ ዓመታት አልተጠራጠረም። በ1979 አላን ፊንኬልክሮት የተባለ ፈረንሳዊ ፈላስፋ ቃለ መጠይቅ ሲያደርግለት አንድ ነገር ጠየቀው፦ በመጀመሪያው መጽሐፍህ ላይ ያ ሁሉ ያበበና ያጌጠ አጻጻፍ በኋለኞቹ መጻሕፍትህ ስለምን ደረቅና ጥርት ያለ ሆነ? ኩንዴራ ጥያቄው ግራ ገባው፤ አጻጻፉ ተለውጦ አያውቅማ። የፈረንሳይኛውን ትርጉም አንሥቶ ከራሱ ቼክኛ ጋር ሲያስተያይ፣ ተርጓሚው መጽሐፉን እንደ አዲስ ጽፎታል። ኩንዴራ ሰማዩ ሰማያዊ ነበር ብሎ ያለፈውን፣ ተርጓሚው የአበባ ቀለም ባለው ሰማይ ሥር የጥቅምት ወር ዓርማውን በግርማ እንደሰቀለ አድርጎ አስጊጦታል።

ይህን ነገር ረጋ ብለን እንየው። የፈረንሳይኛው ትርጉም ጨዋ ነበር፤ አሳታሚው ትልቅ ነበር፤ አንባቢው ወዶት ነበር፤ የጎደለም የተቆረጠም ምዕራፍ አልነበረውም። አንድ ብልህ አንባቢ ስለ ደራሲው ጠባይ የተሳሳተ ፍርድ የሰጠው ይህን ሁሉ የሚያሟላ መጽሐፍ አንብቦ ነው። ፍጹም ክፉ የሆነ ትርጉም ብዙ አይጎዳም፤ አንባቢው ወዲያው ያውቀዋል። የሚያስፈራው ያማረው ነው። ውበቱ የማን እንደሆነ አይለይምና።

ኩንዴራ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የራሱን ትርጉሞች ሲያርም ኖረ። ከ1985 እስከ 1987 የፈረንሳይኛ ትርጉሞቹን በሙሉ ገምግሞ፣ ከእንግዲህ ከቼክኛው ጽሑፍ እኩል እውነተኛ ናቸው የሚል ማስታወሻ በመጻሕፍቱ ላይ አሳተመ። የእንግሊዝኛው «ቀልድ» ደግሞ በ1992 ላይ አምስተኛ ቅጂው ላይ ደረሰ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ቅጂዎቹን ያስተያዩ ሰዎች ግን ኩንዴራ ሲያርም የተርጓሚዎቹን ስሕተት ብቻ እንዳላረመ፣ የራሱንም ጽሑፍ በየቦታው እንደቀነሰና እንደለወጠ አሳዩ። ደራሲ ነው፤ ብዕር ሲይዝ መጻፍ ይጀምራል። ታዲያ የ1967ቱን መጽሐፍ፣ ያን ጊዜ ፕራግ ውስጥ የተነበበውን፣ ማግኘት የሚፈልግ አንባቢ የደራሲውን ማኅተም የያዘው ቅጂ ሊያሳስተው ይችላል። የደራሲው ቃል ከባድ ምስክርነት ነው፤ የመጨረሻው ፍርድ አድርጌ ግን አልቀበለውም።

የአንባቢን ፍቅር በተመለከተ ከእኛው አገር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ የሆነ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ወረቀት ላይ ነው። ብጣሾቹ ከእስር ቤት ተደብቀው ወጡ፤ በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። የእንግሊዝኛው ርእስ ከነፋስ ጋር ስለሄደ ነገር የሚናገር፣ ከአንድ ግጥም የተወሰደ ሐረግ ነው። ነቢይ ያንን ትቶ የልብ ወለዱን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ርእስ አደረገው። ጥብቅ ሰው ይህን እንደ ድፍረት ሊቆጥረው ይችላል። ነገር ግን ሚቼል ራሷ መጽሐፏን ስትጽፍ ካሰበቻቸው ርእሶች አንዱ ይኸው ነበር። ነገ መኖሩ በማይታወቅበት ቦታ የተቀመጠ ሰው ከሺህ ገጽ ውስጥ ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር መርጦ ግንባሩ ላይ ሲያኖራት፣ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር አልጨመረም፤ የነበረውን ነው ከመጨረሻው ገጽ ወደ ፊት ያመጣው። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያዊ ያንን ልብ ወለድ የሚያውቀው በነቢይ ርእስ ነው።

ፍቅር ግን ልማድም ነው፤ ልማድ ደግሞ የትሪፖሊን ሕዝብ ያስጮኸው ነገር ነው። መጀመሪያ ያነበብነው ትርጉም ትክክለኛው ይመስለናል። ስለዚህ ከተቋሙ፣ ከደራሲውና ከአንባቢው አልፈን ወደ ጽሑፉ ራሱ መግባት ግድ ይለናል። እዚያ ስንገባ ነገሩ በአንዲት ቃል ላይ ሊቆም ይችላል።

አልቤር ካሙ በ1942 ያሳተመው ልብ ወለድ የሚጀምረው እናቱ ዛሬ መሞቷን በሚናገር ሰው ነው። ዓረፍተ ነገሩ በፈረንሳይኛ አራት ቃላት አሉት፤ እናቱንም የሚጠራት ልጆች በቤት ውስጥ በሚጠሩበት የቁልምጫ ስም ነው። የ1946ቱ እንግሊዛዊ ተርጓሚ በመደበኛው «እናት» ተካው። በ1988 ማቲው ዋርድ የተባለ አሜሪካዊ የፈረንሳይኛውን ቃል እንዳለ አስቀመጠው። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ይህ ሰው በኋላ ሰው ገድሎ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ከግድያው ይልቅ የሚወቀሰው በእናቱ ቀብር ላይ ባለማልቀሱ ነው። አንባቢ ከመጀመሪያው ቃል ላይ የቀዘቀዘ ልጅ ካገኘ ከዳኞቹ ጋር ተሰልፏል፤ እናቱን በቤት ስሟ የሚጠራ ልጅ ካገኘ ግን ፍርዱን ያዘገያል። አሁን ወደ አማርኛ እንመልሰው። «ዛሬ እናቴ ሞተች» ልንል እንችላለን። «ዛሬ እማዬ ሞተች» ማለትም ይቻላል። «አረፈች» ካልን ደግሞ ሰውየው የሌለውን አክብሮትና እምነት ጨመርንበት። «እናቴ ዛሬ ሞተች» ብንል ዓረፍተ ነገሩን በ«ዛሬ» የጀመረውን የካሙን ቅደም ተከተል አፈረስን። እኔ «ዛሬ እማዬ ሞተች» እላለሁ። ቅደም ተከተሉም ቁልምጫውም ይገኛል፤ አማርኛ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ የተሻለ ዕድል አለው።

አማርኛ ይህን የመሰለ ዕድል በብዙ ቦታ አለው፤ የምናባክነውም በብዙ ቦታ ነው። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ከየትም አገር የመጣውን ሥነ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ በር በኩል ማስገባት። ፑሽኪን በ1828 የጻፈው አጭር ግጥም አለ። የሚወዳት ሴት ሳታስበው አንደበቷ ይስትና እርሱን «እርስዎ» ማለቷን ትታ «አንተ» ትለዋለች፤ በዚያች አንዲት ቃል ልቡ በደስታ ይሞላል። እርሱ ግን ከንፈሩ «እርስዎ» እያለ ልቡ «አንቺ» ይላታል። የግጥሙ ሕይወት ይህ ብቻ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ያልደረሰበት ሰው የለም። ለእንግሊዝኛ አንባቢ ግን ሁለቱም ያው አንድ ቃል ስለሆነ ተርጓሚው መላ መፈለግ አለበት። እንግዲህ አንድ የሩሲያ ልብ ወለድ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመለስ የሚሆነውን አስቡ። ሩሲያኛው ማን ማንን እንደሚያከብር፣ መቼ እንደተቀራረቡ፣ መቼ እንደተኳረፉ በየገጹ ይናገር ነበር። እንግሊዝኛው ይህን ሁሉ አጠፋው። አማርኛ ግን «አንተ» ወይም «አንቺ» ወይም «እርስዎ» ሳይል አንድ ንግግር መጻፍ ስለማይችል ተርጓሚው ይገምታል። ደራሲው በግልጽ የጻፈውን ነገር በግምት እንሞላዋለን ማለት ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ በአክብሮት መነጋገር ጀምረው ከሆነ ያ ቅዝቃዜ ለእኛ አይደርስም፤ ሲጨቃጨቁ ብቻ እናያለን።

ከሌላ ትርጉም መተርጎም ኃጢአት ነው እያልሁ አይደለም። የግእዝ ሥነ ጽሑፋችን ትልቁ ክፍል በዚህ መንገድ የመጣ ነው። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ. ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት የበራላምና የይዋስፍ ታሪክ፣ ሥሩ የቡድሃ ሕይወት ታሪክ ሆኖ በብዙ ቋንቋዎች አልፎ የደረሰን ነው። የምለው፣ ያለፈበት መንገድ ይነገረን ነው። በወጣትነቴ ካነበብኋቸው የትርጉም ልብ ወለዶች በብዙዎቹ ላይ «ትርጉም» ከሚል ቃልና ከተርጓሚው ስም በቀር ምንም አልነበረም። ከየትኛው ቋንቋ? ከየትኛው እትም? ሙሉው ነው ወይስ ያጠረው? አንዱን በኋላ ከእንግሊዝኛው ጋር ሳስተያየው ሦስት ምዕራፍ ያህል እንደሌለው አየሁ። የወደድሁት መጽሐፍ ነበር። ያስከፋኝ መቆረጡ አይደለም፤ ሳይነገረኝ መቅረቱ ነው።

ለዚህ ችግር በገዛ ቋንቋችን የተዘጋጀ ስም አለን፤ «ውርስ ትርጉም» እንላለን። ታሪኩን ወርሶ ስሙን፣ ቦታውን፣ አንዳንዴም መጨረሻውን ለአገር አንባቢ እንዲስማማ አድርጎ እንደገና የጻፈ ሰው ሽፋኑ ላይ ይህን ይላል። ይህ የሚያኮራ ግልጽነት ነው። ውርስ ትርጉም የራሱ ክብር አለው፤ መድረካችንም ብዙ አትርፎበታል። ችግሩ የሚመጣው ውርስ የሆነው «ትርጉም» ብቻ ተብሎ ሲወጣና ተማሪው የጥናት ጽሑፉ ላይ «ደራሲው እንዲህ ይላል» ብሎ ሲጠቅሰው ነው።

ይህን ሁሉ ሳስብ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደ አንድምታ ጉባኤ ነው። መምህሩ ግእዙን ያነባሉ፤ ነጠላ ትርጉሙን ይሰጣሉ፤ ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላ መንገድ ያሳያሉ፤ «ስለምን እንዲህ አለ ቢሉ» ብለው ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው ይመልሳሉ። የሚሰጡት ትርጉም የሚታመነው መምህር ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ከማን እንደተማሩት ይታወቃል፤ መነሻው ንባብ በተማሪው ፊት ተዘርግቷል፤ ምክንያቱም አብሮ ተነግሯል። ተማሪው የላይ ቤትና የታች ቤት ሊቃውንት የተለያዩበትን ቦታ እንኳ ሰምቶ ያልፋል። ልብ ወለድ የሚተረጉም ሰው በእርግጥ «አንድም» እያለ መጻፍ አይችልም፤ ከብዙ መንገድ አንዱን መርጦ መሄድ አለበት። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ምርጫው «ስለምን ቢሉ» ሲባል መልስ ሊኖረው ይገባል። የጄሮም ደብዳቤ በእኔ ዓይን ከዚህ ሌላ አይደለም፤ ስለምን ሐረግ አለ ቢሉ የሚል ሐተታ ነው። የተክሉን ስም ስቷል፤ መንገዱን ግን ስላሳየን ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በኋላ ልናርመው ችለናል። የትሪፖሊው ጳጳስ ንባቡን ወደ ቀድሞው ሲመልስ ግን ምክንያቱ ምእመናኑን ማጣት መፍራቱ ነበር።

መነሻው ጽሑፍ ራሱ የጠፋ እንደሆነስ? ይህ የእኛን አገር በቀጥታ ይመለከታል። መጽሐፈ ሄኖክ የተጻፈው በአራማይክ ነው፤ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክም ወደ ግእዝ ተመለሰ። አራማይኩ ጠፋ፤ የግሪኩም ሙሉ ቅጂ ጠፋ። 108 ምዕራፎቹ ተሟልተው የቀሩት በግእዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ቅጂዎቹን አውሮፓ አደረሰ፤ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ትርጉም በ1821 ወጣ። ከዚያ ጀምሮ ሄኖክን በማንኛውም ቋንቋ ሙሉውን ያነበበ ሰው ያነበበው ስማቸው እንኳ ያልተመዘገበ የግእዝ ተርጓሚዎችን ቃል ነው። በሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከሙት ባሕር አጠገብ ከኩምራን ዋሻዎች የአራማይክ ቁርጥራጮች ተገኙና በ1976 ታተሙ። ፈተናው ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ መጣ ማለት ነው። ቁርጥራጮቹ ከግእዙ ጋር ሲተያዩ በብዙ ቦታ ተስማሙ። ስለ ብርሃናት ጉዞ የሚናገረው ክፍል ግን በአራማይክ ይልቅ የረዘመ እንደነበረ ታየ፤ ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለውም ከቁርጥራጮቹ መካከል ጨርሶ አልተገኘም። የእነዚያ ስም የለሽ ሰዎች ጥንቃቄ ባይኖር ዛሬ የምናስተያየው ነገር አይኖርም ነበር።

ብቸኛ የሆነ ትርጉም ሸክሙ ከባድ ነው። ካሙ በእንግሊዝኛ ደጋግሞ ስለተተረጎመ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርመዋል። ከአማርኛ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚሄድ ልብ ወለድ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ዕድል ብቻ ነው ያለው፤ የውጭው አንባቢ ቅኔው ውስጥ የነበረው ወርቅ ቢቀርበት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ2025 እ.ኤ.አ. በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ ሲወጣ ደስታዬ ከስጋት ጋር ነበር። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ታገደ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። እንደ ኩንዴራ ተቀምጦ የሚያርም፣ «ይህ የእኔ ነው፣ ይህ የእኔ አይደለም» የሚል ሰው የለም። ከጣልያንኛ መጥቶ አስመራ የኖረው፣ አበቃ፣ አለቀ ለማለት የሚነገረው ቃል በእንግሊዝኛው ሽፋን ላይም እንዳለ ተቀምጧል። ጄሮም ቂቃዮንን እንዳለ ለመተው ማንም አይረዳኝም ብሎ ፈርቶ ነበር። በዓሉ ግን ያንን ቃል ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎቹም ሽፋኑ ላይ ያኖረው ሳይተረጉመው ነበር።